ስለ ክንፍና ስለ ነቀዝ

ይህ አርእስት በመጽሔታችን ላይ ሲታይ አንባቢ ሁለት ጊዜ ሳያየው አያልፍም ብለን እንገምታለን። የስድስት ኪሎ ሰው ስለ አይሮፕላን ክንፍ ምን አግብቶት ይጽፋል? ይህስ የአምስት ኪሎዎቹ ድርሻ አይደለምን? ልክ ነው፤ ድርሻው የእነሱ ነው። ነገር ግን የምሕንድስና ወንድሞቻችን ስለዚህ ነገር ሲጽፉ በቁጥር ስለሚጽፉት፣ ቁጥር የማይሆንልን ሰዎች ሳናነበው እናልፋለን፤ በአይሮፕላኑ ላይ ግን ሁላችንም እኩል እንሳፈራለን። ስለዚህ በአንድ ክፍል የምናድር ሦስት የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ለጊዜው ከሰው እርሻ ገብተናል። ባለቤቶቹ ቢቈጡ ካሳውን በሻይ እንከፍላለን።

ወደዚህ ጉዳይ የሳበን አንድ ወረቀት ነው። ከሦስታችን የአንዱ ታላቅ ወንድም የአይሮፕላን መካኒክ ነው። (የሚሠራበትን ቦታ አንናገርም፤ እሱም አልፈቀደልንም።) ሥራህን አስረዳን እያልን ስንጨቀጭቀው፣ የእኛ ነገር ንባብ መሆኑን ያውቃልና፣ ከማስረዳት ይልቅ አንድ የታተመ ትእዛዝ ሰጠን። የበረራ ብቁነት ትእዛዝ ይባላል። ያወጣው የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሲሆን ጊዜውም 2020 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን። የሚመለከተውም ሴስና 210 ከሚባለው ትንሽ አይሮፕላን አንዳንዶቹን ዓይነቶች ነው።

እኛ የለመድነው ጽሑፍ ሁሉ፣ መጥፎም ቢሆን፣ ጥቂት ቅጽል አያጣም። በዚህ ወረቀት ላይ ግን ቅጽል ፈልገን ደከምን። የትኛው አይሮፕላን፣ ምን ይደረግ፣ እስከ መቼ፣ በቃ። ለምን እንደታዘዘ ሲናገር፣ አንድ አይሮፕላን በአውስትራልያ ሰማይ ላይ ሳለ እንደ ተሰበረ፣ የስንጥቁም መነሻ አንድ የዝገት ጕድጓድ እንደ ነበረ ይገልጽና ብዙ ሳይቈይ ወደ ሥራው ያልፋል። ከዚያም ዋጋውን ያስቀምጣል፤ ለምርመራው ይህን ያህል ሰዓት፣ የአንዱ ሰዓት የጉልበት ዋጋ 85 ዶላር እያለ ያሰላል። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎን ነበር። በሁለተኛው ንባብ ግን ሐዘንን እንዲህ አድርጎ ወደ ሥራ የሚለውጥ ጽሑፍ በትምህርታችን ላይ አለማየታችንን ተረዳን።

የአውስትራልያው ነገር እንዲህ ነው። በግንቦት 26 ቀን 2019 በኩዊንስላንድ አገር ከማውንት አይዛ ከተማ አጠገብ አንድ ቲ210ኤም ሴስና የምድርን ማዕድን በመሣሪያ ለመለካት ዝቅ ብሎ ይበር ነበር። አይሮፕላኑ በ1976 የተሠራ፣ ከ12,000 ሰዓት በላይ የበረረ ነበር። ክንፉ በአየር ላይ ተገነጠለ፤ በውስጡ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ሞቱ። የዚህ ዓይነቱ ሴስና ክንፍ ከታች የሚደግፈው ዘንግ የለውም። ግራና ቀኙን ክንፍ አያይዞ የሚሸከመው ከተሳፋሪው ራስ በላይ፣ በጣሪያው ውስጥ የሚያልፍ አንድ የአሉሚኒየም አግዳሚ ነው። መርማሪዎቹ ስብራቱን ሲያዩ ከአንዲት የዝገት ጕድጓድ የተነሣ የድካም ስንጥቅ አገኙ። እዚህ ላይ የገረመንን ነገር እንጨምር፤ በአግዳሚው ታችኛ ገጽ ላይ ፎም ተለጥፎ ይገኝ ነበር፤ ይህም ፎም እርጥበትን ይዞ ከብረቱ ጋር እንደሚያቈይ ታወቀ። ስለዚህ ትእዛዙ ፎሙ ተነሥቶ ብረቱ ይታይ፣ ይፈተሽ፣ ከዝገት የሚጠብቅ ቅብ ይቀባ፣ የምርመራውም ውጤት ለመሥሪያ ቤቱ ይላክ አለ።

በአማርኛ ዝገት ስንል የሚታየን ቀይ ነገር ነው፤ የዛገ ማጭድ፣ የዛገ ቆርቆሮ። አሉሚኒየም ግን አይቀላም። የሚያወጣው ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ነው። እኛስ ብንጠየቅ ነቀዝ እንለው ነበር። ነቀዝ የገባበት ስንዴ ከውጭ ሲያዩት ስንዴ ነው፤ ሲጨብጡት ነው ዱቄት የሚሆነው። ንጹሕ አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ቆዳ ያበጅና ራሱን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ክንፍ አይሆንም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አልፍሬድ ቪልም የሚባል ጀርመናዊ ጥቂት መዳብና ማግኒዚየም ጨምሮ በሙቀት ካሳለፈው በኋላ፣ ብረቱ ተቀምጦ እያደር እንደሚጠነክር አገኘ። ዱራሉሚን የተባለው ይህ ነው። ዛሬም በአይሮፕላን ሥራ የታወቀው 2024 የሚሉት ድብልቅ ከመቶ 4 ያህል መዳብ አለበት። ታዲያ ጉልበት የሰጠው ይኸው መዳብ አሉሚኒየሙን ለዝገት አሳልፎ ሰጠው። በዚህ ላይ የብረት ብሎን ይነካዋል፣ ጨው ያለበት ውሃ መካከላቸው ይገባል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ማዕድኖች እንደ ባትሪ ድንጋይ መሥራት ይጀምራሉ፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው።

ዝገት ብቻውን ክንፍ የሚጥለው እምብዛም ነው። ጕድጓዱን ይቈፍርና የቀረውን ለድካም ይተውለታል። ክንፉ በበረራ ጊዜ ወደ ላይ ይለጠጣል፤ ሲያርፍ ይመለሳል፤ እንዲህ እየሆነ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ይመላለሳል። ጭነቱ በጕድጓዷ ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ፀጕር የማታህል ስንጥቅ ትነሣለች፤ ከዚያ በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ በሚናወጥ አየር ውስጥ የሚበር አይሮፕላን ደግሞ ይህን ጊዜ ያሳጥረዋል።

በትላልቆቹ ጄቶች ክንፍ ውስጥ ያለው ነገር ከዚህም የባሰ ያስገርማል። ክንፉ ራሱ የነዳጅ ጋን ነው። ወደ ላይ ሲወጣ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ሲወርድ በጋኑ ውስጥ ጠል ያበጃል፤ ውሃውም ከነዳጁ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ነዳጁና ውሃው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሻጋታ ይበቅላል! ኬሮሲን እየበላ የሚኖር፣ ጥቁርና ልግ የሚመስል ሻጋታ ነው፤ ከሚያወጣውም አሲድ የተነሣ የጋኑ ወለል፣ ማለት ክንፉ፣ ይበላል። ይህን ስንሰማ አንዱ ጓደኛችን የጠላ ጋን በግራዋ እንደሚታጠበው ይህንንስ በምን ያጥቡታል ብሎ ጠየቀ። ውሃውን በየጊዜው ከታች ያፈሱታል፤ ሻጋታውንም በመድኀኒት ይገድሉታል፤ ከዚህም ሌላ ሰው በጠባቡ ቀዳዳ ገብቶ በባትሪ እያበራ ይመለከታል።

አሁን ወደ ሰውየው ደረስን። ባላገር አሮጌ ቤት ሲያድስ ምሰሶውን በዱላ መታ መታ ያደርገዋል፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ምስጥ ገብቶበታል ማለት ነው። የአይሮፕላኑ መርማሪም በመሠረቱ ይህንኑ ነው የሚሠራው፤ ዱላው ብቻ ተለውጧል። መስተዋት፣ የእጅ ባትሪ፣ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ያለ ካሜራ፣ ራጅ፣ የማይሰማ ድምፅ አለው። ኤዲ ከረንት የሚሉት ደግሞ በትንሽ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ እያስተላለፉ በብረቱ ላይ የሚያስሄዱት ነው፤ በብረቱ ውስጥ የሚነሣው ጅረት ስንጥቅ ሲያጋጥመው ይታወካል፤ በመሣሪያውም መስኮት ላይ ምልክቱ ይዘላል።

የጓደኛችንን ወንድም፣ ጋሼ እያልን የምንጠራውን፣ በሥራህ ላይ የሚከብድህ የቱ ነው አልነው። ከፍታው፣ ጠባቡ ቀዳዳ፣ የነዳጁ ሽታ ይላል ብለን ነበር። እሱ ግን፣ «ምንም አለማግኘት ነው» አለን። ሌሊቱን ሙሉ አንድ መቶ ቀዳዳ አይተህ አንድ መቶውም ደኅና ሲሆን፣ መቶ አንደኛውን እንደ መጀመሪያው አድርገህ ማየት ነው ሥራው አለ። እናታቸው ጧት ሲገባ ዛሬ ምን ሠራህ ልጄ ይሉታል፤ ምንም አላገኘሁም ይላቸዋል፤ እሳቸውም የሥራው ነገር እንዳልሆነለት ቈጥረው ያዝናሉ።

ይህ የጋሼ ብቻ አስተያየት አይደለም። በሚያዝያ 28 ቀን 1988 በሃዋይ ደሴቶች መካከል ይበር የነበረ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በ24,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ የጣሪያው አንድ ትልቅ ክፍል ተገነጠለ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ በአየር ተወስዳ ሞተች፤ አብራሪዎቹ የቀሩትን ይዘው አረፉ። (እዚህ የተበላሸው ክንፉ ሳይሆን የአካሉ ቆዳ ነው፤ ነቀዙ ግን አንድ ነው።) አይሮፕላኑ በጨዋማ የባሕር አየር ውስጥ አጫጭር ጕዞ እያደረገ 89,680 ጊዜ ተነሥቶ አርፏል። በመሳፈር ላይ ሳለች በበሩ አጠገብ ስንጥቅ ያየች መንገደኛ ነበረች፤ ለማንም አልተናገረችም። የአሜሪካ አደጋ መርማሪ ቦርድ ስለ ጥገናው ሲጽፍ፣ በሌሊት በሺህ የሚቈጠር ሪቬት አንድ በአንድ እያዩ መሄድ አሰልቺ መሆኑን፣ ዓይንም ማየት የጠበቀውን ብቻ እንደሚያይ ሳይናገር አላለፈም። ከዚህ አደጋ በኋላ ለአሮጌ ጄቶች ዝገትን የመከላከልና የመቈጣጠር ፕሮግራም ግዴታ ሆነ፤ በ1991ም ስለ አሮጌ አይሮፕላኖች ደኅንነት የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ።

ግዴታ የምትለዋን ቃል አንዳንድ ጓደኞቻችን አይወዷትም። ባለሙያ ከሆነ ለምን ይገደዳል፣ ለኅሊናው አይተውለትም ወይ ይላሉ። በበኩላችን ይህን ክርክር የሚያነሣ ሰው በክፍል ውስጥ የሚዞረውን የመገኛ ወረቀት አይቶ እንደሆነ እንጠይቃለን። ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት ክፍል አርባ ፊርማ ሲገኝ ያላየ ተማሪ በዚህ ዩኒቨርሲቲ አለን? በመካኒኩም ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ፊርማ ነው፤ አየሁ የሚል ፊርማ። የሚያስፈርመው ሰው ከኋላው ቆሟል፣ አይሮፕላኑ ለጧት ይፈለጋል፣ ቦታውን ለመክፈት አንድ ቀን ይፈጃል፣ ባለፈው ዓመትም ሲታይ ደኅና ነበር። ትእዛዝ በዚህ ሰዓት ለፈራሚው መሸሸጊያ ነው፤ «እኔ አይደለሁም፣ ወረቀቱ ነው የከለከለው» ይላል። ኢትዮጵያም በ1944 በቺካጎ ተሰብስበው ስለ ሲቪል አቪዬሽን ከተዋዋሉት አገሮች አንዷ ስለ ነበረች፣ በሩቅ አገር ስለ አንድ ብሎን የተጻፈ ትእዛዝ ያ ዓይነት አይሮፕላን እስካለ ድረስ እዚህም ይደርሳል።

እስከዚህ ድረስ ሦስታችንም አንድ ነን። የተለያየነው ከዚህ በታች ባለው ላይ ነው።

በመጋቢት 1987 በቴክሳስ አገር የዘይት ቱቦ ለመጠበቅ ዝቅ ብሎ ይበር የነበረ ፓይፐር ፒኤ-28 የሚሉት ትንሽ አይሮፕላን ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። የአሜሪካ ባለሥልጣን ወዲያው የእነዚህ አይሮፕላኖች ክንፍ እየወለቀ አግዳሚው ይመርመር ብሎ አዘዘ። ብዙዎቹ ታዩ፤ ስንጥቅ የተገኘባቸው እጅግ ጥቂቶች ሆኑ። ስለዚህ በ1989 ትእዛዙ ተነሣ። ዘመናት አለፉ። በሚያዝያ 4 ቀን 2018 በፍሎሪዳ አገር በዴይቶና ቢች የዚያው ቤተሰብ የሆነ አንድ አይሮፕላን እንደ ተነሣ የግራ ክንፉ ተገነጠለ። የተሠራው በ2007 ነበር፤ አሮጌ የሚባል አይደለም። በውስጡ የነበሩት ሁለት ሰዎች ፈታኝና ተፈታኝ ነበሩ፤ ተፈታኙ እንደ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን የአብራሪነት ፈተናውን እየወሰደ ነበር። ስንጥቁ በአግዳሚው ላይ ከብሎን ቀዳዳ የተነሣ ነበር፤ የዝገት ሳይሆን የድካም።

የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን የ1989ን ውሳኔ ይደግፋል። ዳኛ የሚፈርደው ባለው ማስረጃ ነው፤ ከዚህም ሌላ ክንፍ ማውለቅ ራሱ ጉዳት አለው፤ በተከፈተ ቍጥር ቅቡ ይጫራል፣ ብሎኑ ቀዳዳውን ያቈስላል፤ ሲመረምሩ ዝገት መዝራትም አለ ይላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጋሼም ሲሰማው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሁለታችን የቋንቋ ተማሪዎች ግን «ጥቂት» እና «ምንም» በየትኛውም ሰዋስው አንድ ሆነው አያውቁም ብለን ተከራከርን። ጥቂት ከተገኘ ቢያንስ እያሰለሱ ማየት እንጂ ዓይንን ጨርሶ ማንሣት ለምን አስፈለገ?

በ2021 አዲስ ትእዛዝ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ጊዜ ክንፉ አይወልቅም፤ በአግዳሚው ታችኛ ክፍል ዳር ያሉት ብሎኖች ብቻ ይወጡና ቀዳዳቸው በኤዲ ከረንት ይፈተሻል። የዚያኑ ቤተሰብ አይሮፕላኖች አግዳሚ ስለ ዝገት የሚመለከት ሌላ ትእዛዝም በ2020 ወጥቷል፤ እጅና ዓይን በማይደርሱበት ቦታ መመልከቻ መስኮት ይበጅለት ይላል። የታሪክ ተማሪው ይህን ሲሰማ፣ «አያችሁ፣ ሳያወልቁ ማየት እስኪቻል ነበር መጠበቅ» አለ፤ እኛም ያ ተማሪ ግን አልጠበቀም አልነው። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ቀጥሎ ሳይቋጭ ቀረ። የምሕንድስና ወንድሞቻችን መልስ ካላቸው ለሚቀጥለው እትም ይላኩልን፤ ቁጥሩ ግን ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ አደራ።