ከጨፋ ሜዳ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ተማሪ

ከከሚሴ ተነሥቶ በሐርቡ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ መንገደኛ የቦርከናን ወንዝ ወደ ምንጩ ይከተላል። በወሎ ዩኒቨርስቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ይማር ዘንድ የተመደበ የዚያ አገር ልጅ እንደ ሆነ፥ ከጓዙ ሁሉ የሚከብደው ቋንቋ ነው። በቤቱ ኦሮምኛ፥ በገበያ አማርኛ ሲናገር አድጎ፥ አሁን መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ ያልገባውን በቃሉ ይይዛል፤ የቀድሞ ፈተናዎችን ከነመልሳቸው ሰብስቦ ያጠናል።

በቃል መያዝን ጨርሶ የሚነቅፍ ሰው የወሎን ትምህርት አያውቅም። የቅኔ ተማሪ ግሱን፥ ደረሳም ኪታቡን ይዞ ነው የሚነሣው። ነገር ግን ግስ ያወቀ ሁሉ ባለ ቅኔ አይባልም፤ በየቀኑ ራሱ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፥ መምህሩም ያርመዋል። የኤሌክትሪክም ትምህርት እንዲሁ በእጅ ካልተሠራ አይገኝም።

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፥ የወፍጮ ሞተር የሚያዞረው ባለ ሦስት ፌዝ ኃይል ግን 380 ቮልት መሆኑን ተማሪ ሁሉ ይናገራል። «በሁለት ፌዝ መካከል ስለ ምን 440 አልሆነም?» ቢባል ግን ቀመሩን ብቻ የያዘው ይደነግጣል። ሁለቱን ፌዞች እያንዳንዳቸውን በ11 ሴንቲ ሜትር መስመር፥ ከአንድ ነጥብ አስነሥቶ፥ በመካከላቸው 120 ዲግሪ ማዕዘን ትቶ ይሣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ያገኛል። አንዱ ሴንቲ ሜትር 20 ቮልት ነውና 380ው በዓይኑ ፊት ይቆማል። እንግሊዝኛው ቢጎድለው እንኳ ማስመሪያው አይጎድለውም።

በሰርኪዩት ትምህርት መጀመሪያ የሚሰጡትን ሁለት ሕጎች ጉስታቭ ኪርሆፍ ያወጣቸው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845፥ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ ነው። አንደኛው፥ ወደ መገናኛ የሚገባው ፍሰት ከሚወጣው ጋር እኩል ነው ይላል። በጨፋ የመስኖ ውኃ ያከፋፈለ ልጅ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ልዩነቱ መሬት ውኃ መጠጣቷ፥ ሽቦ ግን አለመጠጣቱ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ትምህርቱ ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል፤ የአምስት ዓመት ትምህርት በአንድ ቀን ይጠየቃል፥ በቃል የተያዘውም እስከዚያ ይረሳል።

ብልህ ተማሪ ለዕረፍት ከሚሴ ሲመለስ ታናሽ ወንድሙን አስቀምጦ የተማረውን በኦሮምኛ ይነግረዋል። ልጁ «እንዴት?» ብሎ ሲጠይቀው መልስ ያጣበትን ቦታ ምልክት ያደርግበታል፤ ማታም ደብተሩን ከዚያ ገጽ ይከፍታል።