ኮሚሽን የበላም ይጠየቃል

እኛ በሞያሌ በኩል ስንነግድ፣ እህታችን ደግሞ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ባለፈው ዓመት አንድ የእቁብ ጓደኛዋ «ሱቁንም ቤቱንም በትረስት ስም አዙሪው፤ የሱቁ ገቢ ወደ ትረስቱ ይገባል፣ ትረስቱ የቤትሽንና የልጆችሽን ወጪ ይከፍላል፣ ታክስ የሚባል ነገር ይቀርልሻል» አላት። ሰው ባመጣች ቁጥር ኮሚሽንም ነበረው።

እውነቱን እንናገርና፣ የንግድ ዲፕሎማ ይዘን እንኳ ደስ አለን። እዚያ ዘመድ ላላት ለአንዲት ደንበኛችንም ወዲያው ነገርናት።

ያስቆመን የእናታችን ጥያቄ ነው፦ «አደራ ከሰጠሽ በኋላ ገንዘቡን የሚያዘው ማን ነው?» እህታችን «እኔው ነኛ!» አለች። «ታዲያ ምኑን አደራ ሰጠሽው?»

እህታችን ወረቀቱን ይዛ ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ዘንድ ሄደች። ትረስት በራሱ ሕጋዊ ነው፤ ብዙ ሰው ለልጆቹ ውርስ ያዘጋጅበታል። ባለቤቱ እንደ ድሮው እያዘዘበት ከሆነ ግን ታክሱ ከእሱ አይወርድም። የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት ስለዚህ ዓይነቱ ትረስት ገና በ1997 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። የፈረመ ሰው ውዝፉን ከነወለዱ ይከፍላል፤ ማጭበርበሩ ከተረጋገጠ ደግሞ ባልተከፈለው ታክስ ላይ 75 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል።

እኛን ያስደነገጠን ግን የአሻሻጩ ጉዳይ ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ «ታክስ ያስቀራል» ብሎ በሽያጩ የተሳተፈ ሰው ከዚያ ሥራ ያገኘውን ገቢ ግማሽ ሊቀጣ ይችላል። ፍርድ ቤትም ሥራውን ሊያግደው ይችላል። ሆን ብሎ ሌላው ሰው የሐሰት የታክስ መግለጫ እንዲያቀርብ የረዳ ወይም የመከረ ደግሞ እስከ 3 ዓመት እስራት አለበት። በእኛ አገር ልማድ ደላላ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል። እዚያ ግን «እኔ ያገናኘሁ ብቻ ነኝ» ማለት አያድንም።

እህታችን የስድስት ሰው ስም የጻፈችበትን ወረቀት ቀደደች። እኛም ለደንበኛችን ደውለን፣ እያፈርን፣ «የነገርንሽ ስህተት ነው» አልናት። ደግነቱ ዘመዷ ገና አልፈረመም ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ከመጣላችሁ ወረቀቱን ሻጩ ወደማያውቀው የሒሳብ ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ። እስከዚያ ለማንም አትንገሩ፤ የወዳጅ ቃል ቶሎ ይታመናል።