ወናፍና ሳንባ

ባለፈው ወር በማደሪያችን የተነሣው ክርክር እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ እንቅልፍ እንደ ነሣችሁ እናውቃለን። የጎረቤት ክፍል ልጆች ግድግዳ እየደበደቡ «እረ ተዉን፣ ነገ ፈተና አለብን!» ሲሉ ሰምተናል። ይቅርታ እንጠይቃለን። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከክርክሩ በኋላ ስላጠፋነው ጥፋት ነው።

ጥያቄው ይህ ነበር፤ ለፈጣን መኪና የሚሻለው ቱርቦ ያለው ሞተር ነው ወይስ የሌለው? ከመካከላችን ብስክሌት እንኳ ያለው የለም። ቢሆንም መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና ይበልጥ ይከራከራል።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ እንግለጽ። ሞተር ነዳጅ ለማቃጠል አየር ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየሩን ራሱ ይስባል፤ እንደ ሰው ሳንባ ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ግን እንደ አንጥረኛ ቤት ወናፍ አለው። የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ በዚያ ኃይል በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ እየተሽከረከረች አየሩን አጭቃ ወደ ሲሊንደር ትገፋለች። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ሱፐርቻርጀር የሚባለውም ሥራው ያው ነው፤ እሱን ግን ሞተሩ ራሱ በቀበቶ ያዞረዋል።

እኛ ሁለታችን የሳንባው ወገን ነበርን። ማስረጃችንም ቀላል አልነበረም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጎርደን መሪ የተባለው መሐንዲስ በነደፈው ባለ ቱርቦ «ብራብሃም» ኔልሰን ፒኬ በ1983 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ይኸው ቱርቦን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው በ1992 ይፋ የሆነውን «ማክላረን ኤፍ 1» ሲሠራ ግን ቱርቦ አልፈልግም አለ። 6.1 ሊትር፣ ባለ 12 ሲሊንደር የቢ ኤም ደብልዩ ሞተር አስገባበት፤ ጉልበቱ 627 የፈረስ ጉልበት ነው። በ1998 ይህ መኪና በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሮጠ። መሪ የፈለገው ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ወዲያው እንዲመልስለት ነው። ቱርቦ ጭሱ እስኪያዞረው ድረስ ጥቂት ያዘገያልና።

ተቃዋሚዎቻችን ደግሞ የፎርሙላ ዋንን ታሪክ ጠቀሱ። ሬኖ በ1977 በሲልቨርስቶን 1.5 ሊትር ባለ ቱርቦ ሞተር ይዞ ሲመጣ የሌሎቹ 3 ሊትር ነበር። እየተበላሸ ስለሚጨስ «ቢጫው የሻይ ማንቆርቆሪያ» ብለው ሳቁበት። በ1979 ግን ዣን ፒየር ዣቡይ በዲዦን አሸነፈበትና ሳቁ ቆመ። በ1988 ማክላረን ከ16 ውድድሮች 15ቱን በቱርቦ ወሰደ፤ ከ1989 ጀምሮም ቱርቦ ታገደ። «የተሸነፈ ነገር ይታገዳል እንዴ?» አሉን። በ2014 መመለሱንም ጨመሩበት። ዝም አልን እንጂ አላመንንም።

በሳምንቱ ለማስተማር ልምምድ ሁለት ሆነን ስምንተኛ ክፍል ገባን። ትምህርቱ የአየር ግፊት ነበር። እኛ ግን ክርክሩ ከሆዳችን አልወጣ ብሎ «ጥሩ ሞተር በራሱ ይተነፍሳል፤ ቱርቦ የደካማ ሞተር ምርኩዝ ነው» አልናቸው። ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ቱርቦ የሌላት የድሮዋ መኪናው ሸዋ ሮቢት ላይ ደኅና ነበረች፤ ጣርማ በር ስትደርስ ግን ጉልበቷ ያልቃል። ቱርቦ ያላት አዲሷ ያን ያህል አይሰማትም። ለምንድን ነው?»

መልሱን አናውቅም ነበር። አናውቅም ማለት ደግሞ ሞት መሰለን። «ዳገት ስለሆነ ነዋ! ዳገት ላይ ማን የማይደክም አለ? ቁጭ በል፣ ከትምህርቱ አትውጣ» አልነው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ፤ እስኪደወል ድረስም ቀና አላለም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለን። ለካ መልሱን በገዛ እጃችን ሰሌዳው ላይ ጽፈነው ነበር! ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ግፊቱ ከባሕር ወለል ከ30 በመቶ ያላነሰ ይቀንሳል። ሳንባው የሚስበው የተሰጠውን ስስ አየር ብቻ ነው። ወናፉ ግን ያንኑ ስስ አየር አጭቆ የጎደለውን ብዙ ይሞላል። ሬኖም በ1979 ከሁሉ ፊት ሆኖ ለመነሣት የመጀመሪያውን ዕድል ያገኘው 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በደቡብ አፍሪካው ኪያላሚ ነበር። ይህን ተቃዋሚዎቻችን እንኳ አላነሡብንም።

ቱርቦ ዕዳ የለበትም አንልም። የታጨቀ አየር ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ሞተሩ እንዳያንኳኳም ጥንቃቄ ያሻዋል። ለእግር ቶሎ የሚታዘዝ ሞተር የሚወድ፣ መንገዱም ባሕር አጠገብ የሆነ ሰው ሳንባውን ቢመርጥ አልተሳሳተም። አዲስ አበባ ላይ ግን፣ በ2,400 ሜትር ገደማ፣ ሳንባው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እኛ በአገራችን የምንነዳት ፈጣን መኪና ብንመርጥ እንግዲህ ቱርቦ ነው የምንለው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገብተን «ያለፈውን ሰርዙት፤ ተሳስተናል፤ ጓደኛችሁን ያስቀመጥነውም መልሱን ስላላወቅን ነው» አልን። ልጁን ወደ ሰሌዳው ጠራነው። መጀመሪያ እምቢ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ተራራ ሣለ፤ መኪናዋን ጫፉ ላይ አስቀመጣትና «አባቴ አየር ያጥራታል ይላል» አለ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኛም አልነበረንም።

ገምጋሚ መምህራችን በሁለቱም ቀን ከኋላ ተቀምጠው ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ክፍል በመቆጣጠር» ጥሩ ነጥብ ሰጡን። በሁለተኛው ቀን ከትምህርት ዕቅዳችን ስለወጣን ቀነሱብን። ቅሬታ የለንም። ሁለቱንም ወረቀት አልጋችን ራስጌ ለጥፈናቸዋል፤ ማየት የሚያሳፍረን ከፍተኛ ነጥብ ያለበት ነው።