ሦስት ፊርማ ለአንድ መስመር ኮድ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ መጣ። አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። «ቲቸር፣ አንድ መስመር ኮድ ለመቀየር ፎርም ሞልቼ ሦስት ሰው ማስፈረም አለብኝ። ይሄ ሥራ ነው ወይስ ቢሮክራሲ?» አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ስምንት ሰርቨሮቹ ላይ አዲስ ኮድ መጫን ነበረበት። ሰባቱ ላይ ተጫነ፣ ስምንተኛው ተረሳ። ሥራውን ሌላ ባለሙያ አላየውም፤ እንዲታይ የሚያስገድድ የተጻፈ ደንብም አልነበረም። የተረሳው ሰርቨር ላይ ደግሞ ለዓመታት ያልተሠራበት አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። ኦገስት 1 ጠዋት ገበያው ሲከፈት አሮጌው ኮድ ነቃና ማቆሚያ የሌለው የአክሲዮን ትእዛዝ መላክ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ! ሲስተሙ ራሱ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ለሠራተኞቹ 97 ኢሜይል ልኮ ነበር፤ ጉዳዬ ያለው ሰው ግን አልነበረም። ድርጅቱ በዓመቱ ከሌላ ጋር ተዋሐደ።

እኔን የሚገርመኝ መሃል ላይ የሆነው ነው። ችግሩን ለማቆም ሲጣደፉ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱት። አንዱ ላይ የነበረው ጥፋት ወደ ሌሎቹም ተዛመተ። መመለሻው መንገድ አስቀድሞ ካልታሰበበት ሰው ሲደነግጥ የሚያድነውን ትቶ የሚያጠፋውን ይይዛል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ሌሊት በንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ብሔራዊ ባንክ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት ያጋጠመ ችግር ነው ብሏል። ገንዘብ ካወጡት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ቶሎ ያልመለሱት ስማቸው ይፋ ወጣ። የራስ ያልሆነ ገንዘብ መውሰድ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ግን አስተውሉ፦ ሲስተም ላይ የሚደረግን ለውጥ ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ለውጡን ያደረገው ሰው አይደለም።

የትልቅ ድርጅት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሮስተር በኤክሴል የሚሠራበት ትምህርት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሰው ቀመሩን ይነካል፣ የአንድ ሴክሽን አማካይ ውጤት ይለወጣል። ፋይሉ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» እየተባለ ሦስት ሆኗል። «ማን ነካው?» ሲባል ዝም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደግሞ ኮምፒውተር ይችላል የሚባለው ወጣት መምህር ነው። አንደኛ የወጣች ልጅ ካርዷ ላይ ሦስተኛ ተብላ ስትመጣስ ምን ትሏታላችሁ?

ስለዚህ ወንድሜ፣ ያ ፎርም አንተን አለማመን አይደለም። ነገር ሲበላሽ «ይህን አስቤ፣ እከሌ አይቶልኝ፣ በዚህ ሰዓት ሠራሁ» የምትልበት ምስክርህ ነው። ሦስቱም ሳያነቡ የሚፈርሙ ከሆነ ግን እውነትህን ነው፣ ቢሮክራሲ ነው። አንብቦ የሚጠይቅህ አንድ ሰው ከሦስት ባዶ ፊርማ ይበልጣል።

ፎርም በሌለበት መሥሪያ ቤት የምትሠሩም ለውጥ ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ደብተር ላይ መልሱ፦

1. ምን ይቀየራል? ለምን?
2. ከኔ ሌላ ማን አየው?
3. ቢበላሽ ማን ይጎዳል?
4. እንዴት ወደ ነበረበት ይመለሳል? መመለሱንስ ሞክሬዋለሁ?

አራተኛውን መመለስ ካልቻላችሁ፣ በተለይ ዓርብ ማታ ከሆነ፣ አትንኩት። ሰኞ ሩቅ አይደለም። ኮድ የምትጽፉ ደግሞ ጊትን ልመዱ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚገኝ መሣሪያ ነው፤ በአግባቡ ከተጠቀማችሁበት ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይመዘግብላችኋል። «ለምን» የሚለውን ግን እናንተው ካልጻፋችሁት ማንም አይጽፍላችሁም።

እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚሠራው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የዘንድሮ ተማሪዎቼም ያነቡታል። መልካም ሳምንት!