በሴራ ስም ላይ መንዳት

ከካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ በ280 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው መንገዱን ሁሌም በቁጥሩ ይጠራዋል። ሙሉ ስሙ ግን ሁኒፔሮ ሴራ ፍሪዌይ ነው። (ለአማርኛ ጆሮ ስሙ ጥርጣሬ ቢያጭር አይፈረድም።) ሴራ በካታላንኛ የተራራ ሰንሰለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ሸንተረር ሥር የሚኖር ቤተሰብ በሰፈሩ ይጠራ ነበር፤ ሸንተረር ደግሞ የትም አለ። ስለዚህ ስሙ የአንድ አያት ዘር አይደለም፤ ብዙ ቦታ ለየብቻው በቅሏል። እ.ኤ.አ. በ1229 የአራጎኑ ንጉሥ ጃውሜ ማዮርካን ሲይዝ የካታላን ሰፋሪዎች ስሞቻቸውን ይዘው ተከተሉት።

መንገዱ የተሰየመለት መነኩሴ በ1713 በማዮርካዋ ፔትራ ሲወለድ ሚኬል ጆሴፕ ሴራ ነበር። ሲመነኩስ ሁኒፔሮ ተባለ፤ የቤተሰቡ ስም ግን አልቀረም። እኛ ዘንድ አባ ጊዮርጊስን የምንለየው ጋስጫ በሚባለው ቦታ እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። የሴራ ቤተሰብ ስም ካሊፎርኒያ ውስጥ የገነነው ልጅ ባልወለደ ሰው በኩል መሆኑ ይገርመኛል።

መንገዱን ስንቀጥል ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2018 «ሴራ ሞል» የተባለውን ጎዳናውን በጄን ስታንፎርድ ስም ለመተካት ወሰነ። ዴሊ ሲቲ ላይ ግን ሴራሞንቴ የገበያ ማዕከል ዛሬም አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ፓርክ የቆመው የ1907 የመነኩሴው ሐውልት ሰኔ 2020 በሰልፈኞች ተጎትቶ ወደቀ፤ ሮማ ቅድስናውን ካወጀችለት አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ቁጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሴራ ወደ መሠረታቸው ሚሲዮኖች የገቡት የአካባቢው የኦሎኒ ተወላጆች ተጠምቀው የስፔን ስም ይሰጣቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልብ መውጣት አልነበረም፣ በሽታም ብዙዎችን ጨረሰ።

280 የሚያልቅበት ሚሽን ቤይ ሌላ ሴራ ይጠብቃል። የሪቻርድ ሴራ ሁለት ግዙፍ የብረት ሰሌዳዎች እዚያ ባለ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ቆመዋል። ቀራፂው በ1938 እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ ሲወለድ አባቱ የማዮርካ ሰው ነበር፤ ወጣት ሳለም በብረት ፋብሪካ እየሠራ ተምሯል። ይህኛው ስም የመጣው በስደተኛ ሻንጣ ነው። ለእኔ ከመነኩሴው ሐውልት ይበልጥ የሚከብደውም ይኸው ስም ነው።

ወደ ኦክላንድ የሚወስደውን ድልድይ ተሻግረን ቴሌግራፍ ጎዳና ስንገባ አዲስ አበባና አስመራ የሚታዩት በምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ ነው፤ የሰዉ ስም የአባቱን እንጂ አገሩን አይነግርም። የአሜሪካው ቅፅ ግን «ላስት ኔም» ይላል፤ አባት የአባቱን ስም ይሞላል፣ እዚህ የተወለደውም ልጅ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያድጋል። የካታላን ስሞችም የረጉት እንዲሁ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የትሬንት ጉባኤ ካህናት የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ካዘዘ በኋላ የሰፈር ስም እንደ ልብ መለወጡ እየቀረ ሄደ። የእኛ ልዩነት እናትየው ናት፤ ስታገባም የአባቷን ስም ስለማትለቅ፣ ልጇን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ የሁለቱ «ላስት ኔም» አይገጥምም፤ ጸሐፊዋም የልደት ምስክር ወረቀቱን ትጠይቃታለች።