አስቀድሞ በልብ መውጣት

ድፍረት ማለት ፍርሃትን ጨርሶ አለማወቅ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ልጆቻችንም ይህንኑ ከጓደኞቻቸው ይሰማሉ፤ ከከፍታ ላይ የዘለለው ጎበዝ፣ ያመነታው ፈሪ ይባላል። እኛ ግን ገደል በመውጣት ከታወቀው ከአሌክስ ሆኖልድ የተማርነው ሌላ ነው።

ይህ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2017 በካሊፎርኒያ፣ በዮሰሚቲ ሸለቆ የሚገኘውን ኤል ካፒታን የተባለውን ገደል ያለ ገመድ በ3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ወጣው። ገደሉ 900 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ የግራናይት ድንጋይ ነው። በፊልም ስናየው እንኳ እጃችን በላብ ርሶ ነበር።

ነገር ግን ዋናው ሥራ የተሠራው በዚያ ቀን አልነበረም። ሰውየው ያንኑ መንገድ በገመድ ታስሮ ደጋግሞ ወጥቶታል። የትኛው እጅ እንደሚቀድም፣ የትኛው እግር እንደሚከተል፣ የዜማ ተማሪ ድጓውን እንደሚያጠና እየተመላለሰ አጥንቷል፤ በማስታወሻ ደብተሩም ጽፎታል። ከዚያም ተቀምጦ በዐይነ ልቡናው ይወጣው ነበር፤ የድንጋዩን ሻካራነት፣ ከእግሩ በታች ያለውን ባዶ አየር፣ ፍርሃቱም በየትኛው ስፍራ እንደሚመጣበት ሳይቀር ያስብ ነበር። ፍርሃትን ገደል ላይ ሳይሆን በቤት ተገናኝቶ መጨረስ እንበለው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በደቡብ ካሮላይና ሐኪም ቤት አንጎሉ በኤም አር አይ ሲመረመር፣ የሚያስደነግጡ ሥዕሎች ቢያሳዩትም ፍርሃትን የሚቀሰቅሰው ክፍል ዝም ብሎ ተገኘ። ብዙዎች «እንግዲያው ሲፈጠርም እንዲህ ነው» አሉ። እርሱ ግን ፍርሃትን ደጋግሞ እንደ ቀመሰውና ያለዘበውም ልምምድ እንደ ሆነ ይናገራል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2008 ሃፍ ዶም የተባለውን ገደል በሚገባ ሳይዘጋጅ ያለ ገመድ ሲወጣ፣ ጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ልቡ ከድቶት ነበር። በደኅና ቢወጣም ዕድል እንጂ ችሎታው እንዳላወጣው ቈጥሮታል።

ከሁሉ ይልቅ የምናደንቀው ግን መመለሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ገደማ ኤል ካፒታንን ጀምሮት ሳለ፣ ቀደም ብሎ የተጎዳውን እግሩን ማመን ስላቃተው ፊልም አንሺዎቹ እያዩት ትቶ ወረደ። ያለ ገመድ መውጣቱን ራሱን አናመሰግንም፤ አንድ ጊዜ ለሳተ ሁለተኛ የሌለው ነገር ነውና።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጃችን በሰፈራችን ያለውን ባለ ሰባት እርከን ደረጃ በስኬትቦርድ ሊዘልለው ተነሣ። እናቱ ሰሌዳው ይቆለፍበት አለች። እርሱም «አባባ፣ እኔ እኮ አልፈራም» አለን። የፍርሃቱን ነገር ትተን፣ ከመሬት የሚነሣው የት ላይ እንደ ሆነ፣ ሲያርፍ ጉልበቱ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ቢስት ወደ የት እንደሚወድቅ ጠየቅነው። መልስ አጣ።

የራስ ቁር አድርጎ ከሁለት እርከን ጀመረ፤ አሁን አምስት ደርሷል። ባለፈው ሳምንት በስድስተኛው ፊት ዐይኑን ጨፍኖ ብዙ ከቆመ በኋላ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ወደ ቤት ገባ። እናቱ እራት አቀረበችለት፤ ማናችንም ምንም አልጠየቅነውም።