የተቀነሰው ሥራ ወዴት ሄደ?

ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ የኮምፒውተር ካርድ ላውጋችሁ። ፍሎፒ ድራይቭን ከአፕል ቱ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ካርድ ነው። ስምንት ቺፖች ብቻ ያሉበት ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አንድ ጥያቄ ያነሳብኛል፦ ከዕቃ ላይ ሥራ ሲቀነስ ያ ሥራ ወዴት ይሄዳል?

አፕል ቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ሲቀርብ ፕሮግራም የሚጫነው ከካሴት ነበር። ካሴት ደግሞ አዝጋሚ ነው። ከአፕል ኩባንያ መሪዎች አንዱ የነበረው ማይክ ማርኩላ ፍሎፒ ድራይቭ እንዲሠራ ጠየቀ። አፕል ቱን የነደፈው ስቲቭ ዎዝኒያክም የዚያን ዓመት የገና በዓል ሰሞን ከባልደረባው ከራንዲ ዊጊንተን ጋር ሲሠራበት ከረመ፤ ጥር 1978 ላስ ቬጋስ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። ዲስክ ቱ የተባለው ይህ ነው።

የዘመኑ የድራይቭ መቆጣጠሪያ ካርዶች በቺፕ የታጨቁ ነበሩ። ዎዝኒያክ ግን ከካርዱም፣ ሹጋርት ከተባለው ኩባንያ ከመጣው ድራይቭም ላይ ብዙ ቺፖችን አስወገደ። የእነዚያ ቺፖች ሥራ አልጠፋም፤ ተሸካሚው ተቀየረ እንጂ።

ብዙውን የተሸከመው የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ነው። የማንበቢያውን ጭንቅላት የሚገፋውን ሞተር እያንዳንዷን እርምጃ የሚያዘው ሶፍትዌር ነው። ጭንቅላቱ የት እንዳለ የሚናገር ጠቋሚ እንኳ የለም። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ እየገፋ ከጥጉ ጋር ያጋጨዋል፤ ያ የታወቀው የመንገጫገጭ ድምፅ ብልሽት ሳይሆን መነሻን ፍለጋ ነው። ከዲስኩ በየ32 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ ባይት ይመጣል፤ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ምት ብቻ ያለው ፕሮሰሰር እንዳያመልጠው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይጠብቃል።

ኮሞዶር የተባለው ሌላው የኮምፒውተር ኩባንያ ግን 1541 በተባለው ድራይቩ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ድራይቩ ውስጥ የራሱን ፕሮሰሰርና ሜሞሪ አስገባለት። ድራይቩ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ሆነ፣ በሲሪያል ኬብሉ የሚያልፈው መረጃ ግን ይንቀራፈፍ ነበር።

የዎዝኒያክ ምርጫ ትክክል እንደነበር 1980 አሳየ። ሥራው በሶፍትዌር ስለነበር ዶስ 3.3 የተባለው የአፕል የዲስክ ሶፍትዌር ሲወጣ ድራይቩ ሳይነካ፣ ካርዱ ላይ ያሉት ሮም የተባሉ ሁለት ቺፖች ብቻ ተቀይረው አንድ ዲስክ የሚይዘው መጠን ከ113 ወደ 140 ኪሎባይት አደገ። ዛሬም ቢሆን ድራይቩን መስለው ከዚያው ካርድ ጋር የሚገናኙና ከኤስዲ ካርድ የሚያነቡ መሣሪያዎች አሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እዚህ ካርድ ላይ ግን አንዱ ሎሚ ለኮምፒውተሩ ባለቤት ደርሶታል። ካርዱ ኃይል ጠፍቶ በልማድ ስድስተኛው ስሎት ላይ ይሰካል፤ የድራይቩ ኬብል ደግሞ በሁለት ረድፍ በቆሙ 20 ፒኖች ላይ ይገባል። ኬብሉ አንድ ፒን ስቶ እንዳይገባ የሚከለክል ነገር የለም። ከሳተ 12 ቮልቱ ወደማይገባው መስመር ሄዶ ድራይቩ ውስጥ ያለውን 74ኤልኤስ125 የተባለ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል። ቺፑ ርካሽ ነው፣ ይቀየራልም፤ ግን መቃጠል አልነበረበትም።

እኔ የዚህን ካርድ ጥበብ ከልቤ አደንቃለሁ። ፕሮሰሰሩ ላይ የተጫነው ሸክም በቦታው ነው፤ ፕሮሰሰር አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ አያመሽም። ሰው ግን ይደክማል፣ ይቸኩላል፣ መብራት ደብዝዞበትም ኬብል ይሰካል። ስለዚህ ዕቃ የምትሠሩ፣ ፕሮግራም የምትጽፉ ሁሉ ስትቀንሱ በድፍረት ቀንሱ፤ የተቀነሰው ሰው ትከሻ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን፣ ኬብሉ ተሳስቶ እንዳይገባ የምታደርገዋን ያቺን ትንሽ ፕላስቲክ አትቀንሱ።